ላፕቶፑ ከወገቡ ሲሰበር

በተመራቂዎች ማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ «ዶክተር፣ ርእስዎ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ «የላፕቶፕ ማጠፊያ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ «ስለ ስኳር በሽታ ቢያወሩን አይሻልም?» አሉኝ። ስለ ስኳር ሌላ ጊዜ ትሰሙኛላችሁ፤ የትም አይሄድም። ዛሬ ከሰዓት ድምፅ የምንሰጠው ግን ስለ ላፕቶፕ ነው። በማኅበሩ ገንዘብ ለተማሪዎች የሚገዛውን ላፕቶፕ ዝርዝር ሁላችሁም በእጃችሁ ይዛችኋል። ስለ ፕሮሰሰሩ፣ ስለ ራሙ፣ ስለ ስክሪኑ ጥራት ሁለት ገጽ ሙሉ ተጽፏል። ስክሪኑና ኪቦርዱ ስለሚገናኙበት ቦታ ግን አንድ ቃል የለም። እኔ ደግሞ በላፕቶፕ እርዳታ ኮሚቴው ውስጥ ስሠራ፣ ተማሪዎች «ተበላሸብኝ» ብለው ይዘው ሲመጡ ደጋግሜ የማየው ያንኑ ቦታ ነው። ከወገቡ ተሰብሮ። ስለዚህ ያላችሁኝን ሃያ ደቂቃ እዚያች ሁለት ጣት በማትሞላ ብረት ላይ ላጠፋ ነው።

እስቲ ከበር እንጀምር። የበር ማጠፊያ ሥራው ቀላል ነው። በሩን ይይዛል፣ ያዞራል፣ አለቀ። ግማሽ ላይ ቁም ብትሉት አይቆምም፤ ነፋስ ሲመጣ ይዘጋል፤ ለዚያ ድንጋይ እናስደግፋለን። የላፕቶፕ ማጠፊያ፣ ሠራተኞቹ «ሂንጅ» የሚሉት፣ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ሁለት ሥራዎች ተሰጥተውታል። ሲገፉት መንቀሳቀስ አለበት፤ ሲለቁት ደግሞ በተለቀቀበት ቦታ መቆም አለበት። አውቶቡስ ውስጥ ሆናችሁ መንገዱ ቢያንገጫግጭ እንኳ ስክሪኑ ፊታችሁ ላይ መውደቅ የለበትም።

ውስጡን ከፍታችሁ ብታዩት አንድ የብረት ዘንግ አለ። በአንዳንዱ ዘንጉን እንደ ቀለበት ጠቅልሎ አጥብቆ የሚይዝ ብረት ታገኛላችሁ። በሌላው ደግሞ ዘንጉ ላይ ሮንዴላዎች ተደርድረዋል፤ ከነሱም አንዳንዶቹ ጠፍጣፋ ሳይሆኑ እንደ ሰሃን ጎድጎድ ያሉ፣ ልክ እንደ ሞላ የሚገፉ ናቸው። ጫፉ ላይ ዳዶ ገብቶ ሁሉንም ያጠብቃቸዋል፤ በመካከላቸው ግራሶ ተቀብቷል። ሚስጥሩ ይኸው ነው፤ ሰበቃ። የእኛ ጉልበትና ክርን ሰበቃን ለማጥፋት ነው የተፈጠሩት፤ ለስላሳ የመገጣጠሚያ አጥንት፣ ፈሳሽ፣ ሁሉም ለዚያ ነው። የላፕቶፕ መገጣጠሚያ ግን በሰበቃ ይኖራል፤ በሰበቃም ያረጃል። ሲወለድ ጀምሮ ራሱን እየፋቀ የሚሠራ መገጣጠሚያ ማለት ነው።

ሐሳቡ ራሱ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስክሪኑ ኪቦርዱ ላይ የሚከደን ኮምፒዩተር ሲነሳ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ግሪድ ኮምፓስ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ፤ ንድፉን ያወጣው ቢል ሞግሪጅ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ሽፋኑ ማግኒዥየም ነው፤ ናሳም በጠፈር መንኮራኩር ይዞት ወጥቷል። ዋጋው ከ8,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በዚያ ዋጋማ ወገቡ ባይጠነክር ነበር የሚገርመው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩ እየቀለለ፣ እየሳሳ፣ እየረከሰ መጣ። የመጣልንን ቅለት አልጠላም፤ ሦስት ፎቅ ደረጃ በየቀኑ የሚወጣ ሰው አይጠላውም። ግን ሲሳሳ ብሎኑ የሚነክስበት ሥጋም አብሮ ሳሳ።

አሁን ወደ ቁጥር ልግባ። አምራቾች ማጠፊያውን ስንት ጊዜ ከፍተው ዘግተው እንደፈተኑት ሲናገሩ አዘውትሮ የሚሰማው ከ20,000 እስከ 30,000 ጊዜ ነው። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ግን የአንድ ሲ ዋን ተማሪ ቀን ምን ይመስላል? ጠዋት ዶርም ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሞርኒንግ ላይ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ዋርድ ሲገባ ከአልጋ ወደ አልጋ፤ ከዚያ ላይብረሪ፤ መብራት ሲሄድ ይዘጋል፣ ሲመጣ ይከፍታል። በቀን ሃያ ጊዜ እንበል። በዓመት 7,300 ይሆናል። 20,000 የተፈተነው ሦስት ዓመት ሳይሞላ ቁጥሩን ጨረሰ፤ 30,000 የተፈተነው አራት ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ ጨረሰ። ተማሪው እዚህ የሚቆየው ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። በስድስት ዓመት 43,800 ጊዜ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሂሳቡ ራሱ ከመነሻው አይገጥምም።

በእርግጥ ፈተናውን ያለፈ ማጠፊያ በማግስቱ ይሰበራል ማለት አይደለም። ብዙው ከዚያ በላይ ይሄዳል። የሚያሳስበኝ ፈታኙ ማን እንደሆነ ነው። ፈታኙ ማሽን ነው፤ ስክሪኑን ሁልጊዜ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ፍጥነት፣ በንጹሕ ክፍል ይከፍተዋል። እኛ ግን በግራ እጃችን ሻይ ይዘን በቀኝ እጃችን የቀኙን ጥግ ብድግ እናደርጋለን። ማጠፊያው ሁለት ነው፤ ግራና ቀኝ። ጥጉን ስትይዙ አንደኛው ቀድሞ ይነሳል፣ ሌላው ይጎተታል፣ ስክሪኑ እንደ ረጠበ ጨርቅ ይጠመዘዛል። እዚህ የተቀመጣችሁት ላፕቶፓችሁን ዛሬ ማታ ገልብጣችሁ እዩት። መጀመሪያ የሚከፈተው ስንጥቅ የሚታየው በምታነሱበት በኩል ቢሆን አይግረማችሁ።

እዚህ ላይ ኦርቶፔዲክስ የገባችሁ የክፍል ጓደኞቼ ይቅር በሉኝ፤ እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፣ ግን በእናንተ ማሳ ትንሽ ልረስ። «ማጠፊያው ተሰበረ» እንላለን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ አይሰበርም። የሚሰበረው ብረቱ የተሰካበት ነው። የማጠፊያው እግር በትንንሽ ብሎኖች ታስሯል። ብሎኖቹ የሚገቡት ፕላስቲኩ ውስጥ በሙቀት የተቀበሩ ትንንሽ የነሐስ ዳዶዎች ውስጥ ነው። ነሐሱን የያዘው ጣት የማታክል የፕላስቲክ ጉብታ ናት። ብረቱ ጠንካራ፣ ብሎኑ ጠንካራ፣ ነሐሱ ጠንካራ፤ ጉብታዋ ግን ትነቀላለች። ነሐሱ ከነፕላስቲኩ ተነቅሎ ብሎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ።

ይህን እኛ በሰው ላይ እናውቀዋለን። ለጋ ልጅ ጉልበቱ ሲጠመዘዝ አንዳንዴ ጅማቱ አይበጠስም፤ የተያዘበትን የአጥንት ቁራጭ ይዞ ይነቀላል። አጥንታቸው የሳሳ እናት ደግሞ ብሎን ቢገባላቸው ብሎኑ አይሰበርም፤ አጥንቱን እየፋቀ ይወጣል። ደካማው ሁልጊዜ መገናኛው ነው። አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ጀርመናዊው ዩሊየስ ቮልፍ በ1892 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው አጥንት በተጫነበት ልክ ራሱን ያድሳል፣ ይጠነክራል። ፕላስቲክ ይህ ጸጋ የለውም። በቀን ሃያ ጊዜ የተጎተተ ጉብታ ትንሽ ስንጥቅ ያበጃል፤ ስንጥቁ አይድንም፤ በነጋታው ከቆመበት ይቀጥላል።

ጭነቱስ ምን ያህል ነው? ይህንንም ከክርናችን እናውቀዋለን። ባይሴፕስ የሚያዘው ከክርኑ አራት አምስት ሴንቲሜትር ላይ ነው፤ መዳፋችን ግን ከሠላሳ ሴንቲሜትር በላይ ርቆ ነው የሚሸከመው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ስኳር ስናነሳ ጡንቻው ብዙ ኪሎ ይጎትታል። ላፕቶፕም እንደዚያው ነው። ጣታችሁ የምታነሳው ከማጠፊያው ሃያ ሴንቲሜትር ያህል ርቃ ነው። ብሎኖቹ ያሉት ግን ከዘንጉ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ላይ። እጃችሁ ላይ አንድ ኪሎ የመሰላችሁ ብሎኑ ዘንድ ሲደርስ አስር ኪሎ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ማጠፊያዎች ቢካፈሉት ጥሩ፤ በጥጉ ካነሳችሁት ግን አንዱ ላይ ያጋድላል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚገለብጠውን ነገር ልንገራችሁ። የላላ ማጠፊያ ያስፈራናል፤ ስክሪኑ ወደ ኋላ ሲጋደም «አለቀለት» እንላለን። የጠበቀ ማጠፊያ ደግሞ «ጠንካራ ነው» ይባላል። በኔ ልምድ አደገኛው ጠባቂው ነው። ግራሶው ይደርቃል፤ ብረቱ የፋቀው ብናኝና የበጋው አቧራ ይገባበታል፤ እርጥበት ካገኘው ይዝጋል። ያን ጊዜ ዘንጉ እሺ አይልም፤ ጉልበታችሁ ሁሉ ወደ ጉብታዋ ይሄዳል። የላላው ያናድዳል እንጂ ላፕቶፑን አይገድልም፤ መጽሐፍ አስደግፋችሁ ትሠራላችሁ። የጠበቀው ግን አንድ ቀን «ቀጭ» ይላል፤ የስክሪኑ ጥግ ለሁለት ይከፈታል። ብዙ ላፕቶፖች የሞቀ አየራቸውን የሚያስወጡት በዚያው በማጠፊያው በኩል መሆኑን ጨምሩበት። በየቀኑ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ፕላስቲክ እየቆየ ይገረጣል፣ ይሰባበራል።

ሌላው የማይታየው ኬብሉ ነው። የስክሪኑ ምስል የሚሄድበት፣ የዋይፋዩ አንቴና የሚያልፍበት ሽቦ በማጠፊያው ጎን ወይም በመሐሉ ነው የሚያልፈው። በከፈታችሁ ቁጥር ይታጠፋል። «ዶክተር፣ ስክሪኔ እንዲህ ሳደርገው ይጠፋል፣ እንዲህ ሳደርገው ይበራል» የሚል ተማሪ ሲመጣ ስክሪን ግዛ አትበሉት። ሲታጠፍ የሚያመው፣ ሲዘረጋ የሚተወው ሕመምተኛ ነው፤ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው። ይህ የርካሽ ላፕቶፕ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ላይ ቀጭኑ የስክሪን ኬብል እየታሸ ብርሃኑ ከታች በኩል ይዥጎረጎር ጀመር፤ ገሚሱም ስክሪኑ ሰፋ ተደርጎ ሲከፈት ይጠፋ ነበር። አፕል በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ነጻ የጥገና ፕሮግራም ከፈተለት። ጥገና ባለሙያዎች በኋላ የወጣውን ሞዴል ፈትተው ሲያዩ ኬብሉ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ረዝሞ አገኙት። ሁለት ሚሊሜትር! የሕክምና ሰው የሁለት ሚሊሜትርን ነገር ሲሰማ አይስቅም።

ይህ ሁሉ ለምን ያገባናል? አንዲት ተማሪ ልንገራችሁ። ስም አልጠራም፤ አገሯንም አልናገርም። ላፕቶፑን የገዛችላት አክስቷ ናት፤ ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ። አዲስ ነበር፤ ቀጭን፣ ብርማ፣ የሚያምር። በሁለተኛው ዓመት ሲከፈት መንጫጫት ጀመረ። ሰማችው፤ ግን ለማን ትናገራለች? ጠጋኝ ቤት መግባት ማለት ገንዘብ መጠየቅ ነው፤ ገንዘብ መጠየቅ ማለት ጅዳ መደወል ነው። ዝም አለች። ከወራት በኋላ የቀኙ ጥግ ተከፈተ። ከዋርድ በወሰደችው ፕላስተር ጠመጠመችው፤ በነገራችን ላይ አጠማመሟ ከአንዳንድ ኢንተርኖቻችን ይሻላል። ከዚያ ወዲያ መዝጋት ስለፈራች ላፕቶፑ ዶርም ውስጥ እንደተከፈተ ቀረ። ዋርድ መውሰድ ተወች፤ ከስልኳ ማንበብ ጀመረች። የምርምር ጽሑፏን በስልክ ለመጻፍ ሞከረች፤ ሠንጠረዥ በስልክ ሠርታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዶርም ቀይሩ ሲባሉ ክፍቱን አቅፋ ስትወጣ ደረጃው ላይ ስክሪኑ ተንዘላዘለ፣ ኬብሉ ተቆረጠ፣ ጨለመ። ሁለት ቀን ሙሉ ጽሑፉ የጠፋ መስሏት አለቀሰች።

አልጠፋም ነበር። ይህን እባካችሁ ለምታስተምሯቸው ሁሉ ንገሩልኝ። ማጠፊያ ሲሰበር ያለው ፋይል ምንም አይሆንም፤ ፋይሉ ያለው ከኪቦርዱ በታች ነው። ኤችዲኤምአይ ኬብል ይዘው ከፕሮጀክተር ወይም ከሌላ ስክሪን ጋር ማገናኘት ነው። እኛም እንደዚያ አደረግንላት፤ ሥራዋ እንዳለ ወጣ። ላፕቶፑ ግን ለመጠገን የተጠየቀበት ዋጋ አሮጌ ላፕቶፕ ከሚገዛበት ብዙም አያንስም ነበር፤ ምክንያቱም ማጠፊያው የተሰካበት ክዳን ሙሉ መቀየር ነበረበት። መንጫጫት የጀመረ ቀን ብትመጣ ኖሮ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

የግማሽ ሰዓቱን ሥራ የሚያውቁት መገናኛ አካባቢ ያሉ አንድ ጠጋኝ ናቸው፤ በዕድሜ ስለሚበልጡን ጋሼ እንላቸዋለን። ላፕቶፕ ከመምጣቱ በፊት ሬዲዮ ይሠሩ ነበር። አሠራራቸውን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የኋላ ሽፋኑን በካቻቢቴ ይፈታሉ፤ ባትሪውን መጀመሪያ ይነቅላሉ። ማጠፊያውን አውጥተው በእጃቸው እያዞሩ ያዳምጡታል፤ ስቴቶስኮፕ ነው የቀራቸው። የደረቀውን ግራሶ በአልኮል ያጥባሉ፣ አዲስ ይቀባሉ፣ ዳዶውን እሩብ ዙር ያህል ያላላሉ። አንዳንዴ ከዚህ ሌላ ምንም የለም። ጉብታዋ ከተነቀለች ነሐሱን መልሰው አስቀምጠው ኢፖክሲ ያፈሱበታል፣ እስኪደርቅ አንድ ሌሊት ያሳድሩታል። ቸኩሎ «ዛሬውኑ ስጡኝ» የሚል ደንበኛ አይወዱም። ፕላስቲኩ ጨርሶ ከተሰባበረ ክዳኑን በስተው ብሎኑን ከውጭ ያሳልፉታል። አያምርም፤ ከውጭ ብረት የተተከለለትን እግር ይመስላል፤ ግን ይሄዳል።

ሱፐር ግሉ የሚባለውን ግን አይወዱትም። እኔም እዚህ ላይ ከሳቸው ጋር ነኝ። ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ነው፤ ለመጎተት አይሆንም፤ በዚያ ላይ እየፈሰሰ ዘንጉ ውስጥ ከገባ ማጠፊያውን አንድ ላይ ያጣብቀዋል። ከዚያ በኋላ የሚከፍተው ሰው የቀረውንም ይነቅላል። «ዶክተርዬ» አሉኝ አንድ ቀን፣ «እናንተ ዘንድም ሰው የሚመጣው መጀመሪያ በራሱ መድኃኒት ከሞከረ በኋላ ነው?» ምን ልበላቸው።

ወደ ከሰዓቱ ጉዳይ ልምጣ። የቀረበው ሐሳብ አዲስ፣ ቀጭን፣ ዋጋቸው መካከለኛ የሆኑ ላፕቶፖች ይገዙ ነው። ያቀረቡት ወዳጆቼ ናቸው፤ «ለተማሪ ያገለገለ ዕቃ መስጠት አይከብድም ወይ?» ይላሉ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ስጦታ ሲከፈት ማማር አለበት። እኔ ግን በዚያ ዋጋ ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩና ሁለት ሦስት ዓመት ያገለገሉ ላፕቶፖች ቢገዙ እመርጣለሁ። በብዙዎቹ የማጠፊያው እግር የሚታሰረው ፕላስቲክ ላይ ሳይሆን የብረት ወይም የማግኒዥየም አካል ላይ ነው። መፍቻ መመሪያቸው በይፋ ይገኛል፤ የሌኖቮ ቲንክፓድን የጥገና መጽሐፍ ማንም ከኢንተርኔት ያወርደዋል፤ ማጠፊያው ብቻውን ቁጥር ወጥቶለት ይሸጣል። አንዱ ሲሞት ሌላው መለዋወጫ ይሆነዋል፤ ይህ አንድ ዓይነት ሞዴል መግዛትን ይጠይቃል። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ከመጣ ግን ጋሼም ምንም ሊያደርጉ አይችሉም። ያገለገለ ሁሉ ጥሩ ነው አላልኩም፤ አንዳንዱ ከነሕመሙ ነው የሚሸጠው፤ መመርመር አለበት።

«ባትሪውስ? ያገለገለ ባትሪ አይቆይም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ባትሪ ግን ይቀየራል፤ ለዚያ የተሠራ ነው። ክዳን መቀየር ሌላ ነገር ነው።

ከውጭ የመጣችሁ ወንድም እህቶች፣ እናንተ በየሻንጣችሁ የምታመጡትን ላፕቶፕ ማኅበሩ ከልብ ያመሰግናል፤ ብዙ ተማሪ በሱ ተመርቋል። ግን እባካችሁ ከመጠቅለላችሁ በፊት መርምሩት። ጠረጴዛ ላይ ዘግታችሁ ከጎን እዩት፤ አንዱ ጥግ ከሌላው ከፍ ካለ ወይም ክፍተት ካለው ማጠፊያው እየገፋው ነው። አብሩትና ስክሪኑን በመሐሉ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ከዳር እስከ ዳር ክፈቱ። ከተንጫጫ፣ ኪቦርዱ በኩል ያለው አካል አብሮ ካበጠ፣ ምስሉ በሆነ ቦታ ከተንቀጠቀጠ፣ እዚያው ባላችሁበት አገር ይጠገን። መለዋወጫው እናንተ ዘንድ ነው ያለው፤ እዚህ ሲደርስ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ፈረንሳይ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላፕቶፕ ሲሸጥ ለመጠገን ምን ያህል እንደሚመች ከአስር የተሰጠው ነጥብ ከዋጋው ጎን መቀመጥ ጀምሯል። አዲስ የምትገዙልን ከሆነ ከማማሩ በፊት ያቺን ቁጥር አንብቡልን። ማጠፊያ ስታዙም የግራና የቀኙ የተለያየ መሆኑን አትርሱ፤ በጥንድ ግዙ። የሚነካ ስክሪን ያለውና የሌለው ክብደታቸው ስለማይመሳሰል ማጠፊያቸውም ሊለያይ ይችላል።

ለተማሪዎቹ የምንለው ብዙ አይደለም፤ ብዙ ብንልም አይሰሙም፤ እኛም አልሰማንም ነበር። በመሐሉ ክፈቱ። በስክሪኑ አንጠልጥላችሁ አትሂዱ። ኪቦርዱ ላይ እስክሪብቶ ወይም ኤርፎን ትታችሁ አትክደኑ። ከሁሉም በላይ ግን መንጫጫት ሲጀምር ኑ። ለዚህ ነው ከሰዓት የማቀርበው ማሻሻያ ሁለት ነገር ብቻ የያዘው። አንደኛ፣ ከተመደበው ገንዘብ ከአስር ሁለት እጁ ለጥገና ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ተማሪው ላፕቶፑን ማንም ይስጠው ማን፣ ማኅበሩም ይሁን ጅዳ ያለች አክስቱ፣ ያለ ደብዳቤና ያለ ፊርማ ይዞ መጥቶ ይታይለት። የመጀመሪያውን ነጥብ ብትቆርጡብኝ እንኳ እከራከራለሁ እንጂ አልቀየምም። ሁለተኛውን ግን አልለቅም። ያቺ ልጅ ወራት ዝም ያለችው ገንዘብ ስላልነበራት ብቻ አይደለም፤ የማኅበሩ ላፕቶፕ ስላልሆነ የሚያይላት የለም ብላ ነው። ደግሞም በጊዜው በነበረው ደንባችን ትክክል ነበረች።

የላፕቶፕ ኮሚቴው ጋሼን ዛሬ ለምኖ አምጥቷቸዋል። ከአዳራሹ መግቢያ በስተግራ ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አሉ። ስብሰባውን የምትከታተሉት ላፕቶፕ ይዛችሁ እንደሆነ አያለሁ፤ ቢያንስ አራት ሰው ሲከፍት ከዚህ ሆኜ ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ስም አልጠራም። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት አሳዩዋቸው። ቻርጀራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ አብርተው ነው የሚያዩት።